«ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ የማይመልሰው

በኢትዮጵያ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ በየዕለቱ ከሚሰሙ ጥያቄዎች አንዱ መምህሩ ማብራሪያውን ጨርሶ ከሰሌዳው ወደ ተማሪዎቹ ሲዞር የሚያቀርበው «ገባችሁ?» የሚለው ሲሆን፣ የሚከተለውም መልስ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ የሚሰጥ «አዎ» ነው። ይህን መልስ ከፍርሃትና ከይሉኝታ ብቻ የመነጨ አድርጎ ማየት ተማሪዎቹን መበደል ይሆናል፤ ብዙዎቹ ማብራሪያው ገና በጆሯቸው፣ ምሳሌውም በዓይናቸው ፊት እያለ በእርግጥ የገባቸው ይመስላቸዋል። ችግሩ ያለው በዚያች ደቂቃ የሚሰማው የመረዳት ስሜት ከሳምንት በኋላ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ስለሚገኘው ነገር የሚናገረው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ላይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ ስለ ማስተማር ዘዴ የሚደረገው ክርክር በአብዛኛው «መምህር ተኮር» እና «ተማሪ ተኮር» በሚባሉ ሁለት ወገኖች መካከል ሲካሄድ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ በክፍል ውስጥ ማን ብዙ ተናገረ ከሚለው ይልቅ፣ የተማረውን ነገር ከራሱ አእምሮ አውጥቶ እንዲያቀርብ የተጠየቀው ማን ነው፣ በምን ያህል ጊዜስ ተጠየቀ የሚለው ጉዳይ ይበልጥ ወሳኝ መሆኑን የሚያሳየው ማስረጃ የበረታ ነው።

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚያስተምሯቸው የመማር ንድፈ ሐሳቦች ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደሉም። ቢሄቪዮሪዝም የሚባለውና መማርን በሚታይ የባሕርይ ለውጥ የሚለካው አስተሳሰብ ዋነኛ ተወካይ የሆነው አሜሪካዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነር፣ ተማሪ መልስ ከሰጠ በኋላ ትክክል መሆን አለመሆኑን ሳይዘገይ ማወቅ እንዳለበት አጥብቆ ተከራክሯል። ኮንስትራክቲቪዝም የሚባለው፣ ማለትም ዕውቀት ከውጭ ተቀድቶ የሚሞላ ሳይሆን ተማሪው ራሱ ቀድሞ በሚያውቀው ላይ የሚገነባው ነው የሚለው አስተሳሰብ፣ ከስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ብዙ ተቀብሏል፤ ሩሲያዊው ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ ልጅ ብቻውን ሊሠራው በሚችለውና በሌላ ሰው እገዛ ሊሠራው በሚችለው መካከል ያለው ርቀት የማስተማር ትክክለኛ ቦታ መሆኑን አመልክቷል። እነዚህ ሦስቱ በብዙ ነገር ቢለያዩም ተማሪው አንድ ነገር ማድረግ አለበት በሚለው ላይ ይገናኛሉ። ዕጩ መምህራን የእያንዳንዱን ስምና ትርጓሜ ሸምድደው ተፈትነው ሲወጡ ግን ይህ የጋራ ነጥብ ሳይታያቸው ይቀራል፤ ይህም የሚያሳዝን ነው።

መርሳትን በሙከራ ለመለካት የመጀመሪያው የሆነው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እየሸመደደና እየቆየ ራሱን እየፈተነ፣ አብዛኛው መርሳት የሚከሰተው ከጥናቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት መሆኑን አሳየ። ለመምህር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ሙከራ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎችን አንብበው አንዱን ደግመው እንዲያነቡ፣ ከሌላው ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ሁሉ በባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ተደረገ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ካነበቡት ጽሑፍ 81 በመቶውን፣ ለማስታወስ ከታገሉት 75 በመቶውን አስታወሱ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ለተፈተኑት ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ደግመው ያነበቡት ወደ 42 በመቶ ሲወርድ ለማስታወስ የታገሉት 56 በመቶ ላይ ቆየ። ተማሪዎቹ ከትውስታ የጻፉት ትክክል መሆኑን የነገራቸው ሰው እንኳ አልነበረም። አንድን ነገር ከትውስታ አውጥቶ ማቅረብ የመለኪያ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ራሱ የመማሪያ ተግባር መሆኑን ይህ ውጤት ያሳያል።

ከዚህ ውጤት ውስጥ ትልቁን ቦታ ሊሰጠው የሚገባው የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ የሚቀርበው፣ ተቆጣጣሪው ክፍል ገብቶ ትምህርቱን የሚመዝነው፣ ተማሪውም ደብተሩን ዘግቶ «ይህንንስ ችዬዋለሁ» የሚለው በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት ቢለካ ደካማው ዘዴ ጠንካራ፣ ጠንካራውም ደካማ መስሎ ይታያል። የክፍለ ጊዜውን ሰፊ ድርሻ ከሰሌዳ ኖት በመገልበጥ የሚያሳልፍ ክፍል ጸጥ ያለና ሥራ የበዛበት ይመስላል፤ እጅ ይሠራል፣ ደብተር ይሞላል፣ አእምሮ ግን አንድም ነገር እንዲያስታውስ አልተጠየቀም።

የሚያስደንቀው ይህ ዕውቀት በአገሪቱ የቆየ የማስተማር ልማድ ውስጥ ሥር ያለው መሆኑ ነው። በፊደል ቤት ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» እያለ ፊደሉን በዜማ ከዘለቀ በኋላ የሚጠብቀው ሌላ ገበታ አለ፤ እርሱም አቡጊዳ ነው። በዚህ ገበታ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚል ሲሆን፣ አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ በመሆናቸው፣ ልጁ ከአንዱ ሆሄ ወደ ሌላው ሲሻገር የፊደሉ ዘርም ድምፁም በአንድ ጊዜ ይለወጡበታል። በመጀመሪያው ገበታ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ በዜማው ብቻ እስከ መጨረሻው ሊደርስ ይችል የነበረ ልጅ፣ ያ የለመደው ቅደም ተከተል እዚህ ስለማይደግፈው እያንዳንዱን ሆሄ በመልኩ ለይቶ ከማስታወስ በቀር ሌላ መንገድ አያገኝም። ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስ ተሻግሮ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነጠለ በቁጥር ንባብ ይጀምራል። አቡጊዳን የሠሩት ሊቃውንት የሙከራ ሠንጠረዥ አልተዉም፤ ነገር ግን ሠርቶ የቆየው ገበታ ራሱ የልጅን የማታለያ መንገድ የሚያውቅ መምህር ያስተዋለውን ነገር ይመሰክራል። በቁርአን ትምህርት ቤቶችም ልጁ ለውሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ካልወጣ ሰሌዳው ታጥቦ አዲስ አይጻፍለትም።

የዘመኑ ምርምር ይህንን የቅደም ተከተል ማፍረስ ጉዳይ በሒሳብ ትምህርት አረጋግጦታል። ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች የአራት ዓይነት ጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት ሲለማመዱ፣ አንዱ ወገን እያንዳንዱን ዓይነት ለብቻው ጨርሶ ወደ ቀጣዩ እንዲያልፍ፣ ሌላው ደግሞ አራቱን ዓይነቶች ቀላቅሎ እንዲሠራ ተደረገ። በልምምዱ ወቅት በየዓይነቱ የሠሩት 89 በመቶ ሲያገኙ ቀላቅለው የሠሩት 60 በመቶ ብቻ አገኙ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 በመቶ ሲያሽቆለቁሉ ሁለተኛዎቹ 63 በመቶ አገኙ። ምክንያቱን ለማየት ክፍልፋዮችን የሚማር ልጅ መውሰድ ይበቃል። «ክፍልፋዮችን መደመር» በሚል ርዕስ ሥር 20 ጥያቄ የተሰጠው ልጅ ሁሉም መደመር መሆኑን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ የጋራ ታሕት የመፈለጉን ሥርዓት እየደጋገመ 1/2 ሲደመር 1/3 እኩል ይሆናል 5/6 ብሎ ያለ ስሕተት ይዘልቃል። በማግስቱ «ክፍልፋዮችን ማባዛት» በሚለው ርዕስ ሥር ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት እያባዛ 1/6 ያገኛል። ሁለቱ ከወር በኋላ በአንድ የፈተና ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲመጡበት ግን ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 2/5 ይጽፋል። ስሌቱን ሠርቷል፣ ደጋግሞም ሠርቷል፤ የትኛው ሥርዓት ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን መምረጥን ግን አንድም ቀን አልተለማመደም፤ የገጹ ርዕስ ሁልጊዜ መርጦለት ነበርና።

ይህ ሁሉ መምህር ማብራራቱን ይተው ማለት አይደለም፤ በዚህ ነጥብ ላይ «ተማሪ ተኮር» የሚለው መመሪያ በብዙ ትምህርት ቤቶች የተተረጎመበት መንገድ ጉዳት አድርሷል። ያልገባ ነገር ሊታወስ አይችልም። አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያዳበረው የአእምሮ ሸክም ንድፈ ሐሳብ እንደሚያስረዳው፣ ሰው በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያስብበት የሚችለው አዲስ ነገር በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ጀማሪ ተማሪ መፍትሔውን ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ ከመልቀቅ ይልቅ ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ የሚታይ ምሳሌ ቢቀርብለት በአጭር ጊዜና በጥቂት ስሕተት ይማራል። ስድስት ልጆች ማናቸውም በማያውቁት ርዕስ ላይ በቡድን ተቀምጠው እንዲወያዩ ሲታዘዙ፣ አንዱ ጎበዝ ይጽፋል፣ አምስቱ ስማቸውን ያስመዘግባሉ፤ ወንበሮቹ ክብ ስለሠሩ ብቻ ክፍሉ ተማሪ ተኮር ተብሎ ይመዘገባል። በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት ነበር፤ ስርጭቱ በእንግሊዝኛና በራሱ ፍጥነት ስለሚነጉድ፣ ያልገባው ልጅ ሊያስቆመው፣ መምህሩም የቀረችውን ጥቂት ደቂቃ ይዞ ሊደርስበት አልቻለም። ሁለቱ ዘዴዎች በመልክ ቢራራቁም፣ እያንዳንዱ ልጅ የያዘውን አውጥቶ እንዲያሳይ፣ የተሳሳተውም ወዲያው እንዲታረም ቦታ ባለመስጠታቸው አንድ ናቸው።

ማስታወስን ማጉላት ወደ ሽምደዳ መመለስ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ ይታወቃል፤ ተቃውሞውም በአክብሮት ሊታይ ይገባል፣ የንባብ ቤት ልጅ ግዕዙን ትርጉሙን ሳያውቅ ዓመታት ያነብ የነበረ፣ አለንጋም የማስተማሪያ አካል ተደርጎ ይወሰድ የነበረ መሆኑ የማይካድ ነውና። ሆኖም የዚያው ሥርዓት ከፍተኛ ደረጃ የሆነው ቅኔ ቤት ማስታወስና መፍጠር ጠላቶች አለመሆናቸውን ያሳያል። የቅኔ ተማሪ ግሱን ካጠና በኋላ የሚጀምረው ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ነው፤ ይህን ሲችል ባለ ሦስት ቤት ወደሆነው ዘአምላኪየ ያልፋል፣ እንዲህ እያለ ባለ ስምንት ቤት ወደሆነው መወድስና ከዚያም ወደ ዕጣነ ሞገር ይወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ አይበቃውም፤ ለብቻው ተቀምጦ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል። ግሱን ከአእምሮው በቅጽበት ማውጣት የማይችል ተማሪ ሰም ከወርቅ ለማስማማት የሚተርፍ ሐሳብ አይኖረውም። የቪጎትስኪን እገዛ፣ የስኪነርን ፈጣን እርማትና የስዌለርን ሸክም የመመጠን ምክር በአንድ ቦታ ለማየት የሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ማሳያ በቀላሉ አያገኝም።

የጉዳዩ ክብደት በውጤት ሲታይ ያስጨንቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጦርነት፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የተማሪ ብዛትና የመምህራን ኑሮ በዚህ ውስጥ ያላቸው ድርሻ ከባድ ስለሆነ፣ ሁሉንም በማስተማር ዘዴ ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ቢሆንም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞቹ ለ12 ዓመታት በየክፍሉ «አዎ» እያሉና ከክፍል ክፍል እየተዛወሩ እዚያ የደረሱ ናቸው፤ ምን እንደቀረላቸው በየሳምንቱ የጠየቃቸው ቢኖር ኖሮ ጉድለቱ ገና ሳይሰፋ ይታይ ነበር።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጅ ያለ ነው። «ወረቀት አውጡ» የሚለው ትእዛዝ በኢትዮጵያ ተማሪ ዘንድ የሚያስደነግጥ የሆነው ከማርክ ጋር ስለተሳሰረ ነው፤ ማርኩ ቢነሳለት የክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ 7 ወይም 8 ደቂቃ ምርጥ ማስተማሪያ ይሆናል። መምህሩ ሦስት ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፦ አንዱን ከትናንት፣ አንዱን ካለፈው ሳምንት፣ አንዱን ካለፈው ወር፤ ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ዘግተው ይመልሳሉ፣ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይለዋወጣሉ፣ መምህሩም መልሱን ከነምክንያቱ ሲያሳይ ያርማሉ። 70 ተማሪ ባለበት ክፍል እንኳ መምህሩ ተሸክሞት የሚሄደው የእርማት ክምር አይኖርም፤ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስንት እጅ እንደተሳሳተ ዓይቶ ግን የዕለቱን ትምህርት ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል። ተከታታይ ምዘና የሚባለው አሠራር ዓላማው ይኸው ነበር፤ በብዙ ቦታ የነጥብ መሰብሰቢያ ሆኖ መቅረቱ ግን ተማሪውን ስሕተቱን እንዲደብቅ አስተምሮታል።

መምህሩ ይህን ሲያደርግ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያየው ውጤት ዝቅተኛ ስለሚሆን፣ ርዕሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ካልደገፉት ወደ ቀድሞው መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ የክፍል ምልከታ ቅጹ መለወጥ አለበት። ተማሪዎች በቡድን መቀመጣቸውንና መርጃ መሣሪያ መሰቀሉን የሚጠይቀው ረድፍ ቀርቶ፣ ሱፐርቫይዘሩ ያየውን ትምህርት ርዕስ መዝግቦ ከአንድ ሳምንት በኋላ እንዲመለስ፣ ከክፍሉ አሥር ልጆችን በዕጣ መርጦ ከዚያው ርዕስ ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቅ፣ ያገኘውንም ለማስፈራሪያ ሳይሆን ከመምህሩ ጋር ለመነጋገሪያ እንዲያውለው ቢደረግ፣ ወረዳዎች እስካሁን በእጃቸው የሌለ መረጃ ያገኛሉ፤ ሥራውም ከአንድ ወረቀትና ከአንድ ተጨማሪ የትምህርት ቤት ጉብኝት ያለፈ ወጪ አይጠይቅም።