ራሱን የሚመረምር መዝገብ፦ ስለ እግር ኳስ ጨዋታ አኃዛዊ ምዝገባ

በአገራችን የእግር ኳስ ጨዋታ ተጽፎ የሚቀመጠው በአብዛኛው ለውጤት ማጽደቂያና ለሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው። የተሰላፊዎች ስም፣ ግብ፣ ካርድና ቅያሪ በዳኛውና በኮሚሽነሩ ሪፖርት ይሰፍራሉ። ለጥናት ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በእኔ እምነት ቀዳሚው ጉድለት አንዱ አኃዝ ሌላውን የሚያረጋግጥበት ሥርዓት አለመዘርጋቱ ነው።

ለዚህ የአሜሪካው ቤዝቦል ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ጋዜጠኛው ሄንሪ ቻድዊክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኒው ዮርክ ያስፋፋው የጨዋታ ሠንጠረዥ ራሱን የሚመረምር ሆኖ አድጓል። ኳስ ለመምታት ተራ የደረሰው ተጫዋች ዕጣው ከሦስት አንዱ ነው፦ ዞሮ ነጥብ ያስቆጥራል፣ ከጨዋታ ይወጣል፣ ወይም የቡድኑ ተራ ሲያበቃ ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የመምቻ ተራዎች ቁጥር ከእነዚህ ከሦስቱ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ መዝገቡ ስሕተት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው ሬትሮሺት የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት የቀድሞ ጨዋታዎችን ዝርዝር መልሶ ሲያደራጅ እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ማመሳከሪያ ሆኖታል።

እግር ኳስ ተራ በተራ የሚከፋፈል ጨዋታ ባለመሆኑ ዘዴው አያገለግልም የሚሉ ይኖራሉ። የቤዝቦልን ዓምዶች እንዳሉ መገልበጥ እንደማይቻል እስማማለሁ፤ መርሑ ግን ይሠራል። ጭማሪ ሰዓቱን ወደ ጎን ብንተው፣ ማንም ባልተሰናበተበት ጨዋታ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ሜዳ ላይ የቆዩበት ደቂቃ ድምር 11 በ90 ተባዝቶ 990 ይሆናል። አንድ ተጫዋች በ70ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ቢወጣ ድምሩ 970 ነው። ሒሳቡ ካልገጠመ ከቅያሪው አንዱ ወገን አልተጻፈም ወይም ደቂቃው ተዛብቷል። ቅያሪው ጭራሽ ከተዘለለ ግን ድምሩ አያጋልጠውም፤ በመሆኑም ሁለት ሰዎች ለየብቻ መዝግበው ማመሳከር ይኖርባቸዋል።

የደቂቃ ምዝገባ ለተመራማሪ የሚሰጠው ጥቅም በማነጻጸር ጊዜ ይታያል። በ2013 የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ የጌታነህ ከበደን የ25 ግብ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ስኬቱ የማያከራክር ነው። ሁለቱን አጥቂዎች በጥናት ለማወዳደር ግን የግብ ብዛት ብቻውን አያደርስም፤ በየውድድር ዘመኑ የክለቦችና የጨዋታዎች ቁጥር ይለያያልና። ለሁለቱም የሚያገለግለው መለኪያ በ90 ደቂቃ የተቆጠረ ግብ ሲሆን፣ እርሱም ያለ ደቂቃ መዝገብ አይገኝም።

ጉዳዩ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ሲወርድ ይበልጥ ይከብዳል። በ2014 የውድድር ዘመን ሊጉን ካስተናገዱ ሜዳዎች አንዱ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነበር፤ የሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን ስለሚተላለፉ ያልተመዘገበውን ከምስል መልሶ መልቀም ይቻላል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው መቂና በመሰሎቿ ከተሞች በትምህርት ቤትና በቀበሌ ደረጃ የሚጫወት ታዳጊ ግን ካሜራ አይከተለውም። ጨዋታው ካልተጻፈ ለመልማይ የሚቀርብለት ማስረጃ የአሠልጣኙ ቃል ብቻ ይሆናል። አማላጅ ያለው ይታያል፤ የሌለው፣ ችሎታ ቢኖረውም፣ ሳይታይ ይቀራል።

የስፖርት ሳይንስና የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍሎች ይህን ክፍተት ለመሙላት ከፍተኛ በጀት አያስፈልጋቸውም። በአንድ ወረዳ፣ ለአንድ የውድድር ዘመን፣ በየጨዋታው ሁለት ሠልጣኝ መዝጋቢዎች፣ የእጅ ሰዓትና የጋራ ቅጽ ለመጀመሪያ ሙከራ ይበቃሉ። በቅጹ ግርጌ የደቂቃዎቹ ድምርና የግቦች ማመሳከሪያ ይኑር፤ ያልገጠመው ሠንጠረዥ መዝጋቢዎቹ ከሜዳ ሳይወጡ ይታረም። እንዲህ የተሰበሰበ መረጃ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ይሆናል፤ ለመቂው ታዳጊም በማንም ምስክርነት ላይ ያልተንጠለጠለ ማስረጃ ይሆንለታል።