የካርቶኗ መርከብ



በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከሰሜን ሸዋ፣ ከለሚ የተላከው ለብቻው አቆየን። ጸሐፊው አባት ናቸው። አሥረኛ ክፍል የጨረሰው ልጃቸው ክረምቱን በሙሉ በካርቶን፣ በሽቦና በቆርቆሮ የጦር መርከብ ሲሠራ ከርሟል። መርከቢቱ የልጁ አጎት በባሕር ኃይል ሳሉ ያገለገሉባት «ኢትዮጵያ» ናት። ልጁ ጎኗን በሳስቶ፣ በጥላሸት አጥቁሮ፣ ከላይዋ ከጭቃ የተሠሩ የወደቁ መርከበኞችን አስተኝቶባታል። አባትየው «ምስል መሥራት አይሆንም ወይ? ላቃጥለው ወይስ ልተወው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ወንድማችን ሆይ፣ አያቃጥሉት! ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ሆኖ፣ ባሕር ሳያይ መርከብ የሚሠራ ልጅ ሲገኝ እኛ ማሻአላህ ነው ያልነው።

የጥያቄውን ሸሪዓዊ ወገን በአጭሩ እንየው። መርከብ ሩሕ የለውም፤ ሩሕ የሌለውን ነገር መሥራት አያከራክርም። ኢብኑ ዓባስ (ረ.ዐ) ምስል እየሠራ ለሚተዳደር ሰው ዛፍንና ሕይወት የሌለውን ነገር እንዲሠራ መክረውታል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) በልጅነታቸው አሻንጉሊቶች ነበሯቸው፤ ከነዚያም መካከል ክንፍ ያለው ፈረስ እንደነበረና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይተው እንደሳቁ ተዘግቧል። ስለ ሰው ቅርጽ ግን ዑለሞች ብዙ ተነጋግረዋል። የልጅዎ ሥራ ለመደርደሪያ እንጂ ለሕፃን መጫወቻ አይደለምና ከኺላፉ መውጣቱ ይሻላል እንላለን። የጭቃዎቹን ሰዎች ያንሳቸው። በምትካቸው አንዲት የወደቀች ቆብ፣ የተፈታ ገመድ፣ አንድ እግር ጫማ ያስቀምጥ። ባዶው ወለል ያለቁትን ይበልጥ ያስታውሳል። ለፈትዋው የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

እኛን ያሳሰበን ቀዳዳው ነው።

ይህች መርከብ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1944 «ኦርካ» ተብላ የአሜሪካ ባሕር ኃይልን ስታገለግል የባሕር አውሮፕላኖች ረዳት ነበረች። በ1954 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ ከባሕር ኃይላችን መርከቦችም ትልቋ ሆነች። በግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሸች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ፍጻሜዋ በውጊያ አልነበረም። በመድፍ ተመትታ የሰጠመች አስመስሎ መሥራት፣ በእጅም ቢሆን፣ ያልሆነውን ሆነ ማለት ነው። አጎቱስ ሲያዩት ምን ይላሉ? እርሳቸው የሚያውቋት መርከብ ምናልባት በባዕድ ወደብ ቆማ የዛገች ናት። ዝገት ደግሞ ከቀዳዳ ይልቅ ለመሥራት ይከብዳል፤ ውኃ ከሚፈስበት፣ ከመልሕቁ ሰንሰለት ቀዳዳ ሥር ጀምሮ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ እንደ ቀለም በየቦታው አይረጭም።

በውጊያ የተጎዳ መርከብ ካልሠራሁ ካለ፣ ምጽዋ አለችለት። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣልያኖች ወደቡ በእንግሊዞች ከመያዙ በፊት የራሳቸውን መርከቦች እዚያው አሰጠሟቸው። ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በ1942 መጥቶ ከሰጠሙት መካከል አንዱን ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ አየር እየነፋ አስነስቶታል። እንግዲህ ልብ ይበል፦ ከውስጥ በፈነዳ ፈንጂ የተቀደደ ብረት ጠርዙ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ከውጭ የመጣ ጥይት ግን ሲገባ ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ይህን ሳይለይ በምስማር የበሳ ልጅ ማን ማንን እንደመታ ሳያውቅ ነው የሚመሰክረው።

ስለ ልኩም አንድ ነገር እንበል። «ኢትዮጵያ» 95 ሜትር ያህል ርዝመትና 12 ሜትር ተኩል ወርድ ነበራት። በሁለት መቶ ሲካፈል ርዝመቷ 47 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዷ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ልክ የ3 ሚሊ ሜትር ካርቶን የ60 ሳንቲ ሜትር ብረት ማለት ነው! ስለዚህ የተቀደደው ቦታ ላይ ካርቶኑ ወጥቶ ከሲጋራ ወይም ከቸኮሌት መጠቅለያ የተገኘ ስስ የብር ወረቀት ይግባ። (ሲጋራው ከጎረቤት ይሁን እንጂ ከቤት አይሁን።) ባሕሩን ከጥጥና ከሙጫ ያበጀው፤ ሙጫው ሲደርቅ ሰማያዊ ቀለም ይቀባው።

ወንድማችን፣ መግሪብ ሲደርስ መቀሱን አስቀምጦ ለሶላት የሚነሳ ከሆነ ጊዜውን አላጠፋም። እርስዎም አንድ ቀን አጎቱን ምሳ ይጥሩና መርከቢቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ መልሕቋ በየት በኩል ይንጠለጠል እንደነበር ልጁ ራሱ ይጠይቃቸው።