ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጤነኛ ይመስላል

በዛሬው ዓምዳችን ብዙ ባለትዳሮችን አንድ ቀን አስደስቶ ዓመቱን ሙሉ ሲያነታርክ ስለምናየው ጉዳይ እንነጋገራለን። ጉዳዩ አሮጌ መኪና መግዛት ነው።

ባሕር ዳር የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ናት። ሆኖም ልጆች ሲበዙ፣ ትምህርት ቤቱ ሲርቅ፣ በክረምት ዝናብ ባጃጅ ሲጠፋ «ምነው መኪና በኖረን» ማለት ይመጣል። ዕቁብ ይወጣል፣ ቁጠባው ይጨመርበታል፣ የጎደለውን ዘመድ ያበድራል። ከዚያ ደላላው ይደውላል፤ «አንዲት ቪትዝ አለች፣ ባለቤቱ ቸኩሏል፣ ዛሬ ካልወሰዳችኋት ነገ አታገኟትም» ይላል። ዋጋዋ ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ታዲያ ይህች መኪና ትታመናለች ወይ?

በአገራችን መኪና ስላረጀ ብቻ አይረክስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ያሉት አሮጌዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፣ ዋጋቸውንም ሻጩም ደላላውም ጠንቅቀው ያውቁታል። በእንዲህ ያለ ገበያ አንዲት መኪና ከእኩዮቿ ተለይታ ከረከሰች ምክንያት አላት። ምክንያቱ የባለቤቱ ችግር ሊሆን ይችላል፤ የመኪናዋ ሕመምም ሊሆን ይችላል። የገዢው ሥራ ሁለቱን መለየት ነው።

ከተማችን ሜዳ መሆኗ ደግሞ ይህን ሥራ ያከብደዋል። ደላላው ከጣና ዳር ተነሥቶ ዘንባባ በተተከለበት ጎዳና እስከ ዓባይ ድልድይ ወስዶ ይመልሳችኋል። መኪናዋ አትንገራገጭም፣ አትሞቅም፣ አታጨስም። ለእንዲህ ያለ መንገድ ግን የደከመ ሞተርም ይበቃዋል። መመርመር ያለባት እናንተ በምታሠሯት ሥራ ልክ ነው። ቤተሰብ ጥየቃ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱባት ከሆነ፣ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዳ ያንኑ ያህል የምትወጣበት የዓባይ በረሃ ይጠብቃታል። ቁልቁለቱ ፍሬኗን፣ ዳገቱ ሞተሯን ይፈትናል።

እንግዲህ በቅደም ተከተል እንሂድ። መኪናዋን ለማየት ጠዋት ሂዱ፤ ሞተሩ ሳይነሣ እንዲጠብቃችሁም ለሻጩ ንገሩት። እንደ ደረሳችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ከሞቀ አስቀድሞ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ቀዝቅዞ የማይነሣ ሞተር የሚሸፈነው በዚህ መንገድ ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ወተት የገባበት ቡና የመሰለ አረፋ ካያችሁ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ፣ ምናልባትም የቴስታታው ነገር ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ሳያየው አትቀጥሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነሡና ጭሱን ከኋላ ሆናችሁ ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶ እንደሚገባ ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ መሆኑን ይጠቁማል።

ስለ ራዲያተሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካረጀ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ሞተሩ ፈጥኖ ይሞቃል። ክዳኑን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈቱ፤ በጋለ ጊዜ የሚከፍተውን ሰው የፈላው ውሃ ያቃጥለዋል።

ቀጥሎ ኮብልስቶን በተነጠፈበት የሰፈር መንገድ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ መስኮቱን ዝቅ፣ ሬዲዮውን ጸጥ አድርጉ። የሚያንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ አሞርቲዛተሩን ወይም የእግሯን ክፍሎች ማስፈተሽ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ቤዛዊት ዳገት ውሰዷት፤ ቤተሰባችሁን የሚያህል ሰውም ጫኑባት። ዳገቱን ስትወጣ ጉልበት ታጣለች? የሙቀት መለኪያው ከፍ ይላል? ስትወርዱ ፍሬን ስትይዙ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች? ማርሹ በእጅ የሚገባ ከሆነ፣ ሜዳ ላይ ቁማ የእጅ ፍሬኗን ያዙና ሦስተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ የሚጮህ ከሆነ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላልና። የፔዳሉን ላስቲክ፣ የመሪውን መላላጥ፣ የሾፌሩን ወንበር ተመልከቱ። ጥቂት ሄዳለች የተባለች መኪና ፔዳሏ ተበልቶ ካለቀ ቃሉና አካሏ አልተስማሙም። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ፤ 2315 ቢል በ2015 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በመጨረሻም መካኒክ አምጡ። መካኒኩ የእናንተ እንጂ የሻጩ ወይም የደላላው ወዳጅ አይሁን። የምትከፍሉት የአንድ ቀን ዋጋ አንዲት ቴስታታ ከምታስወጣው ጋር አይወዳደርም።

መኪናዋ ጤነኛ ብትሆን እንኳ ወረቀቷ ሊታመም ይችላል። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ መሆኑን፣ ቦሎዋ መታደሱን፣ ዕዳና ዕገዳ አለመኖሩን በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ አረጋግጡ። ከቀረጥ ነጻ የገባች ከሆነች ቀረጧ ሳይከፈል ስሟ ወደ እናንተ አይዞርም። «ስሙን በኋላ እናዞራለን፣ ለጊዜው ውክልና ይበቃል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል፤ ያኔ ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ትገናኛላችሁ።

የሻጩ የትዳር ጓደኛም ትፈርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ዋጋ ያለውን የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ቢሆንም ሁለቱም ሳይፈርሙ ገንዘብ አትክፈሉ። ያው የፌዴራል ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም የሁለቱን ስምምነት ይፈልጋል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ለመኪናዋ ማሟያ ከአጎትህ ስትበደር ባለቤትህ በኋላ የምትሰማው ዜና እንዳይሆን።

እኛን አማኞችን በተለይ የሚያጋጥሙ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሻጩ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ሲሆን ነው። «ወንድሜን እንዴት ላስፈትሽ?» ብሎ ማፈር ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሻጩ ራሱ የማያውቀው ሕመም በመኪናዋ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከስድስት ወር በኋላ ሞተሩ ሲወርድ የሚጎዳው ያ ወንድምነት ነው። ወንድም ሻጭም ቢሆን የሚያውቀውን ጉድለት ሳይጠየቅ ይናገር። ሁለተኛው «ጸለይኩ፣ ሰላም ተሰማኝ» ብሎ ምርመራውን መዝለል ነው። ግንብ ለመሥራት ስለሚያስብ ሰው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 የተነገረው ምሳሌ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪን ማስላትን ያስተምረናል። መጸለይ መልካም ነው፤ ጸልዮ ኮፈኑን መክፈት ደግሞ ይገባል።

እንግዲህ ባልና ሚስት ሆይ፣ ደላላው ሳይደውል አንድ ማታ አብራችሁ ተቀመጡና ሦስት ነገር በወረቀት ጻፉ። አንደኛ፣ መኪናዋ ምን ሥራ ትሠራለች? ልጆችን ከማድረስ ካላለፈ፣ የባጃጅና የታክሲ የወር ወጪያችሁን ከነዳጅ፣ ከመድን፣ ከቦሎና ከጥገና ጋር አስተያዩት። ሁለተኛ፣ ከያዛችሁት ከእያንዳንዱ 100 ብር 80ውን ለመኪናዋ፣ 20ውን ለስም ማዛወሪያና ለመጀመሪያ ጥገና መድቡ። ሙሉውን ለመኪናዋ ከከፈላችሁ፣ የመጀመሪያው ብልሽት ቤት ኪራዩን ይበላዋል። ሦስተኛ፣ የትኛው ጉድለት ቢገኝ ትታችሁ እንደምትመለሱ ተስማሙ። የሚጋጭ የሻንሲ ቁጥር፣ በዘይት ውስጥ ውሃ፣ ስሙ የማይዞር ወረቀት ከእነዚህ መካከል ይሁኑ።

ከሁለታችሁ አንዱ ልቡ ካልተረጋጋ አትግዙ። አንቺ እህቴ የመኪና ነገር አላውቅም ብለሽ ዝም አትበዪ፤ ጭሱን ማየትና የሻንሲውን ቁጥር ማነጻጸር ዓይን ብቻ ይፈልጋል። ደላላው ቢቸኩል ይቸኩል። ያቺ ቪትዝ ብትሸጥ ሌላ ቪትዝ ትመጣለች፤ በአንድ ቀን ችኮላ የወጣውን የዓመታት ቁጠባ ግን መልሶ ማግኘት ይከብዳል።