አባት ከከሰረ የልጆች ቀለብ እንዴት ይሆናል?

አንድ የሲሬ የእህል ነጋዴ አለ እንበል። በመከር ጊዜ በብድር ስንዴ ሰብስቦ በጎተራ ያኖራል፤ ዋጋው ይወርድበትና አበዳሪዎች ደጁን ያንኳኳሉ። ሚስቱን ቀደም ብሎ ፈትቶ ነበርና ለሦስት ልጆቹ በየወሩ ቀለብ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። አሁን ግን «እኔ ከስሬአለሁ» ብሎ ይልክባታል። እናቲቱ ምን ታድርግ?

በሕግ ኪሣራ የሚባለው ፍርድ ቤት ስለ ነጋዴ የሚሰጠው ውሳኔ ነው። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ተደንግጎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ታድሶአል። እንደምናየው ከሆነ ግን ይህን ቃል በገበያ የሚናገሩት አብዛኞቹ ችሎት ደጃፍ አልረገጡም።

ቀለብ የሚቆረጠው በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም ልክ ነው። ስለዚህ አባትየው በእውነት ወድቆ እንደ ሆነ ቀለቡ እንዲቀነስለት ዳኛውን ሊለምን ይችላል፤ በገዛ ፈቃዱ ግን ሊያቋርጠው አይችልም። እናትም «እስኪያገግም» ብላ በይሉኝታ ዝም አትበል፤ በጊዜው ያልተጠየቀ ቀለብ፣ ሦስት ወር ካለፈው፣ ሊቀር ይችላል። ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት ቢያስማሙአቸው መልካም ነው፤ ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን።

የንብረት ክፍያ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ለቤተሰቡ ጥቅም የተበደሩት ዕዳ ሁለቱንም ይይዛልና ከክፍያው በፊት መታየት አለበት። ቤቱ ወይም ከብቱ ድርሻዋ ሆኖ በእጅዋ ከገባ የእርስዋ ነው፤ «ድርሻሽን በገንዘብ እሰጥሻለሁ» ተብላ ሳይከፈላት እርሱ ቢከስር ግን ከሌሎቹ አበዳሪዎች ጋር ተሰልፋ ትጠብቃለች። ከአበዳሪ ለማምለጥ ሲባል በይስሙላ የሚደረግ ፍቺም አለ፤ እንዲህ ያለው ርክክብ በፍርድ ሊፈርስ እንደሚችል ባልና ሚስት ይወቁ።

ሲሬ በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ትተዳደራለች። እናቲቱ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄድ የፍቺውን ውሳኔ ግልባጭና የልጆቹን የልደት ማስረጃ ትያዝ። ደግሞም ጎተራው ዛሬ በማን ስም እንደ ተከራየ፣ የንግድ ፈቃዱም ወደ ወንድሙ ስም ዞሮ እንደ ሆነ ጠይቃ ትድረስ።