የወር መርፌሽን አቁሚ ያላት ማን ነው?



በእኛ አገር፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ እስከ ግሽ ዓባይ ባለው ገጠር፣ ልጅ ጉሮሮውን ቢያመው ብዙ ሰው አይደነግጥም። «ቶንሲል ነው» ይባላል፤ ዳማከሴ ይጨመቅለታል፤ ሲብስበት እንጥሉን ይቆርጡታል። ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ልጁም ወደ ከብቶቹ ይመለሳል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ጉልበቱ ያብጣል፤ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክርን ይዞራል። እሱም ያልፋል። የማያልፈው በልቡ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ነው።

ሐኪሞች ይህን የሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። ጉሮሮን የሚያቆስለው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ሰውነት እሱን ሲዋጋ የገዛ ራሱን ልብ በስሕተት ያጠቃል፤ በተለይም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉትን የልብ በሮች። የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ነው። ዓመታት ቆይቶ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ ጋደም ሲሉ መታፈን፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የእግር ማበጥ ይከተላሉ። አንዳንድ እናቶች ሕመሙ እንዳለባቸው የሚያውቁት በእርግዝና ወቅት ነው። የልብ በሽታ የሀብታምና የወፍራም ሰው ነው ለምንል ሁሉ፣ ይህኛው የድሃ ልጅ በሽታ ነው። በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ የሚያድር ቤተሰብ ጉሮሮ ሕመሙን በቀላሉ ይጋራልና። የዓለም ጤና ጉባኤ እንኳ በ2018 እ.ኤ.አ. አገሮች በዚህ ሕመም ላይ እንዲነሡ የወሰነው ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ስለነበር ነው።

የሚያሳዝነው ነገር መከላከያው ርካሽ መሆኑ ነው። ጉሮሮው በጊዜ በፔኒሲሊን ቢታከም ልቡ ይተርፍ ነበር። አንዴ የታመመች ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች፤ ለዓመታት። መርፌው ያማል። የተጠባሰውን በር አይጠግንም፤ ሁለተኛ እንዳትታመምና ጠባሳው እንዳይጨምር ግን ይጠብቃታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እንዲህ ያለች ልጅ ወደ ፈውስ ፕሮግራም ትመጣለች። እጅ ይጫንባታል፣ ትንፋሿ ቀለል ይላታል፣ መድረክ ላይ ወጥታ ትመሰክራለች። ከዚያ አንድ ሰው «መርፌውን ከቀጠልሽ እምነትሽ ጎደለ» ይላታል። አንዳንዴ የሚናገረው በስልክ የምትከታተለው ሰባኪ ነው፤ አይቷትም አያውቅም። እርሷ ደህና የሆነችው መርፌው ስለሠራ ሊሆን እንደሚችል ማንም አይነግራትም። መድኃኒቱ መሥራቱ ራሱ ለማቆም ምክንያት ይደረጋል!

እኔ ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ እሰብካለሁም። ነገር ግን ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ምን አለው? ሄደህ ራስህን ለካህኑ አሳይ አለው። ካህኑ በሕጉ መሠረት ቆዳውን የሚመረምር ሰው ነበር። ጌታ የገዛ ሥራውን ለምርመራ ካቀረበ፣ እኛ ምርመራን የምንፈራው ለምንድን ነው? የልቧ በር ከዳነ ኤኮው ያሳየዋል። ሐኪሟ አይቶ መርፌው ይብቃት ካለ፣ ያን ጊዜ ምስክርነቱ ይጣፍጣል። ለኤኮ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለኮንፈረንስ መኪና የምንከራይ ሰዎች የእርሷን መሳፈሪያ አናጣም።

በጠበል ስፍራ መድኃኒቱን የጣለውን ጎረቤታችንን መተቸት ይቀናናል። አቡነ ጳውሎስ ግን ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። የእኛ መድረኮች ስንቶቹ እንዲህ በግልጽ ተናግረዋል?

ነገሩ ለደም ግፊትም ያው ነው። 140 በ90 የደረሰ ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማም። ስለዚህ «አልታመምኩም» ብሎ ክኒኑን ያቆመ ሽማግሌ አንድ ጠዋት አፉ ተጣሞ፣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ሊነሣ ይችላል። ሰው ሠራሽ የልብ በር የተገጠመላት እኅት ዋርፋሪኗን ካቆመች ደግሞ ደሙ በሩ ላይ ይረጋል። ያ ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ውድ እንደሆነ አስቡ። ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ወረፋ የሚጠብቁት በሺዎች ናቸው።

እንግዲህ እኛ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ከመድረክ «መድኃኒትሽን አቁሚ» የሚል ድምፅ ሲሰማ እዚያው ማረም አለብን፤ እንግዳ አገልጋይ ቢሆንም። የጾም ጸሎት ስናውጅም የልብ ሕመምተኞችን አስቀድመን እናነጋግር። ሽንት የሚያስወጣ ክኒን የምትወስድ እናት ሦስት ቀን ያለ ውኃ መዋል የለባትም። ክኒኗን ውጣ፣ ሐኪሟ የፈቀደላትን ውኃ ጠጥታ ከእኛ ጋር ትጸልይ።