ካምቢዮው ሲጮህ

ስለ ቤት ገንዘብ አያያዝ በምንነጋገርበት በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምናነሣው የደመወዝተኛውን ቤት ነው። ዛሬ ግን በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር ያሉ ቤተሰቦች ወደሚያውቁት ጉዳይ እንሂድ፤ ስለ አሮጌ ትራክተር ካምቢዮ። “ይህ ደግሞ የሴት ወሬ ነው እንዴ?” የሚል ወንድም ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ትራክተሩ የቆመ ዕለት የቤቱ አስቤዛና የልጆቹ ደብተርም አብሮ እንደሚቆም ያስታውስ።

ትራክተር ለአርሲ አዲስ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ “ካዱ” የተባለው የእርሻ ልማት ሥራ በጭላሎ ተጀመረ፤ በእነዚያ ዓመታትም የትራክተር እርሻ በአካባቢው ተስፋፋ። ለዛሬው ጉዳያችን ምሳሌ የምናደርገው ማሲ ፈርጉሰን 135ን ነው። እንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ያን ያህል ዕድሜ ቆጥሮም ዛሬ በብዙ አገሮች ያርሳል።

እንግዲህ አንድ ባልና ሚስት አስቡ። የራሳቸውን መሬት ያርሱበታል፣ ለጎረቤትም ያከራዩታል። ካምቢዮው መጮህ ጀምሯል። ባል “ይህን ክረምት ይጨርስልንና እናሠራዋለን” ይላል። ሚስት ደግሞ በየወሩ ለዘይት የሚወጣውን ገንዘብ ደብተሯ ላይ አይታ “አሁኑኑ ይከፈት” ትላለች። ማን ትክክል ነው? መልሱ ያለው ካምቢዮው ራሱ ዘንድ ነው፤ ምልክቶቹን ማንበብ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ድምፁን ለዩ። ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ የሚጮህና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ያረጀው የካምቢዮው ፊተኛ ዘንግ ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ሲረገጥ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ማርሽ ሲገባ የሚፋጭ ከሆነም ካምቢዮውን ከመውቀሳችሁ በፊት የፍሪሲዮኑ ፔዳል በልኩ መስተካከሉን አስመርምሩ። በመፍቻ የሚስተካከል ነገር ስንቱን ካምቢዮ ያለ ጥፋቱ አስከፍቷል! ደግሞም የዚህ ትራክተር የተለመደው ካምቢዮ ቆሞ እንጂ እየሄደ ማርሽ አይቀየርለትም። ሾፌሩ እንደ መኪና እየነዳ የሚቀይር ከሆነ የማርሹን ጥርስ ጫፍ እየሰበረው ነው።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። ትንሽ ቀድታችሁ በንጹሕ ጣሳ አሳድሩት። ከሥሩ እንደ አመድ የላመ ነገር ቢገኝ የዕድሜ ነው። በጣት ሲነካ የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ እየተሰበረ ነው። ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ፍሪሲዮኑ ካለበት ቤት ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ ወይም ከካምቢዮው በኩል የዘይት ማገጃው ጎማ አልቋል። የሚስት ደብተር ላይ የታየው የዘይት ወጪ በዚያ በኩል እየፈሰሰ ይሆናል።

“ትንሽ ስባሪ ምን ያደርጋል?” እንዳትሉ። በዚህ ትራክተር ካምቢዮው፣ የኋላው ዲፈረንሻልና ማረሻውን የሚያነሣው ሃይድሮሊክ የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው፤ ወደ 30 ሊትር ይይዛል። ከማርሽ የተፈነቀለ ብረት በዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚዞረው። ኩሽኔታውን ያገኘዋል፣ የሃይድሮሊኩን ፓምፕም ያገኘዋል። ዛሬ በአንድ ኩሽኔታ የሚያልቀው ሥራ ከክረምት በኋላ ሦስት ዕቃ ሊጠይቅ ይችላል።

ሦስተኛው ምልክት ግን ከገንዘብም ያለፈ ነው። የገባ ማርሽ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ሹካው፣ ሞላው፣ ኩሽኔታው ወይም የማርሹ ጥርስ አልቋል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ማሰልቸት ብቻ ይመስላል። ቁልቁለት ላይ፣ እህልና ሰው የጫነ ተጎታች ከኋላ እየገፋ ማርሹ ከወጣ ግን ሞተሩ ትራክተሩን መያዙን ያቆማል፤ የሚቀረው ፍሬን ብቻ ነው። ማርሹን በእጅ ጨብጦ መንዳት መፍትሔ አይደለም። ይህ ምልክት ከታየ “ክረምቱን ይጨርስልን” የሚባል ነገር የለም፤ ትራክተሩ ዛሬውኑ ይቁም። ድምፅ ብቻ ከሆነና ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ግን ባል እንዳለው ቀን መምረጥ ይቻላል።

መከፈቱ ከተወሰነ ይህን አስተውሉ። ይህ ትራክተር እንደ ጭነት መኪና ሻሲ የለውም። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላው አካል በቡሎን ተያይዘው እርስ በርሳቸው ነው የሚሸከሙት። ካምቢዮውን ለማውጣት ትራክተሩ ለሁለት ይከፈላል። የፊቱ አክስል መካከሉ ላይ ስለሚወዛወዝ በግራና በቀኝ እንጨት ካልተሸጎረበት ሞተሩ ወደ ጎን ሊገለበጥ ይችላል። ሁለቱም ክፍል በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ይያዝ፤ ወለሉም የጠነከረ ይሁን። ሥራው እስኪያልቅ ልጆች አይጠጉ።

ከተከፈተ በኋላ የተሰበረውን ዕቃ ብቻ ቀይሮ መዝጋት ኪሳራ ነው። ያረጀ ማርሽ ከአዲስ ጋር ሲጋጠም አዲሱን ይበላዋል፤ ስለዚህ የሚናከሱት ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። የእጅ ዋጋው አንድ ጊዜ ስለሚከፈል ያረጁት ኩሽኔታዎችና የዘይት ማገጃ ጎማዎችም በዚያው ይቀየሩ። ለሜካኒኩም “ምን ተሰበረ?” ብቻ ሳይሆን “ምን ሰበረው?” በሉት። ዘይት አንሶ ነው? ውኃ ገብቶ ነው? የሾፌሩ አነዳድ ነው? ምክንያቱ ካልታወቀ አዲሱ ዕቃም ያንኑ መንገድ ይሄዳል።

በገንዘቡ በኩል ሦስት መስመር ጻፉ፦ የእጅ፣ የዕቃና የዘይት። 30 ሊትር ዘይት የሚረሳ ወጪ አይደለም። የዕቃው ዋጋ የሚታወቀው ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ አስቀድማችሁ ሙሉ ዋጋ አትዋዋሉ፤ መጀመሪያ ተከፍቶ ይታይ፣ ከዚያ በጽሑፍ ተስማሙ። የወጣውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ። የካምቢዮው ቤት ራሱ ተሰንጥቆ ከተገኘ ግን መጠገኑና መሸጡ እንደገና ይመዘን።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለአርሲ የሚመቸው መኸሩ ተሰብስቦ እርሻው ሳይጀመር ያለው የጥር ወር ነው። በልግና መኸር በሚዘራባቸው የባሌ አካባቢዎች ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ዕቃውን አስቀድሞ ማፈላለግ ይገባል። በሰኔ የተከፈተ ካምቢዮ ሜካኒክ ሲጠብቅ የዘር ጊዜ ያልፋል።

ስለዚህ ባልና ሚስቱ ማን እንደሚያሸንፍ ከመከራከር ይልቅ ያላቸውን ያቀራርቡ። ድምፁን የሚሰማው እርሱ ነው፤ የዘይቱን ወጪ የምታውቀው እርስዋ ናት። ሁለቱ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ካምቢዮው ምን እንደሆነ ግማሹን ሜካኒኩ ሳይመጣ ያውቁታል። ዛሬ ማታ ትራክተሩ ሲገባ አንድ ጣሳ ይዛችሁ ውጡ፤ ዘይቱን ቅዱና አሳድሩት፤ ጠዋት አብራችሁ እዩት።