የፊኛ ነቀርሳና የዘር ነገር

በአገራችን ልማድ ሁለት ቤተ ሰቦች በጋብቻ ለመተሳሰር ሲያስቡ አስቀድሞ ዘር ይቈጠራል፤ ከዚያም ጋራ በወገኑ ውስጥ ደዌ አለ ወይስ የለም ተብሎ በስውር ይጠየቃል። ጥንቃቄው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ አንዳንድ አባወራ ሽንቱ ደም መስሎ በታየው ጊዜ፣ ነገሩ ቢሰማ የልጆቼ ስም ይጠፋል ብሎ ሕመሙን ከባለቤቱ እንኳ ይሰውራል። ሐኪሞችም የፊኛ ነቀርሳ፣ ብዙ ሰው ካንሰር የሚለው ደዌ፣ የሚነሣው ከዘረ መል ብልሽት ነው ሲሉ የሰማ እንደ ሆነ ፍርሃቱ ይበረታል። ስለዚህ ከዘረ መል የሚነሣ በሽታ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ እንዳይደለ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታየን።

በአዲስ አበባ ደቡብ ንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባለው ክፍለ ከተማ ስሙ ያለ ሽቦ ቃልን የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ያሳስባል። ዘረ መልም እንዲሁ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ተቀምጦ «ተከፈል»፣ «ቁም»፣ «ሙት» እያለ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ጽሑፍ ነው። የሰው ሙሉ ጽሑፍ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። በ1982 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) የአሜሪካ ሊቃውንት ከአንድ ሰው የፊኛ ነቀርሳ የተወሰዱትን ሕዋሳት ሲመረምሩ፣ ኤች ራስ በተባለው ዘረ መል ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ በሌላ መተካቷን አገኙ። በዚህች አንዲት ፊደል ምክንያት «ተከፈል» የሚለው ትእዛዝ የማያቋርጥ ሆኖ ነበር። በሰው ነቀርሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ስሕተት ተለይቶ ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አሁን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ስሕተቱ የተገኘው በፊኛው ሕዋስ ውስጥ እንጂ ልጅ በሚፀነስበት ዘር ውስጥ አይደለም። የአብዛኛው ሕመምተኛ ነገር እንዲሁ ነው። ጽሑፉ የተበላሸው ሰውየው ከተወለደ በኋላ፣ በኑሮው ዘመን ነው፤ ስለዚህ ለልጁ አያወርሰውም። ሊንች የሚባለውን የተወረሰ የዘረ መል ጕድለት የያዙ ጥቂት ቤተ ሰቦች አሉ፤ የቅርብ ዘመድ የታመመበትም ሰው ሥጋቱ በመጠኑ ይጨምራል። ይህ ግን ለሐኪም የሚነገር እንጂ የሚደበቅ ምክንያት አይደለም።

ጽሑፉን የሚያበላሸው ከሁሉ ይልቅ ትምባሆ ነው፤ ትምባሆ በብዛት በሚጨስበት አገር ከፊኛ ነቀርሳ እኩሌታው ያህል ከእርሱ የተነሣ እንደ ሆነ ይገመታል። መርዙ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፤ ኵላሊት አጣርቶ ወደ ሽንት ይሰደዋል፤ ሽንቱም በፊኛ ውስጥ ሰዓታት ሲቈይ የውስጡን ሽፋን ይነካዋል። በ1895 ዓ.ም. ሉድቪግ ሬን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ይህን ደዌ አይቶ ለዓለም አስታወቀ። ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅትም የቀለም ቀቢነትን ሥራ ነቀርሳ ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መድቦታል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ፋብሪካና ጋራዥ የበዛበት ሥፍራ ነውና፣ በቀለምና በማቅለጫው የሚውል ሠራተኛ ያለበት ቤት ይህን ማወቅ ይገባዋል። አንዳንድ ሰውም ይህን መርዝ በዝግታ የሚያስወግድ ዘረ መል ይዞ ይወለዳል፤ ለእርሱ ጭሱ ከሌላው ይልቅ ይከፋበታል። ጭሱን ቢተው ግን ይህ ልደቱ ብዙ አይጐዳውም።

በአዋሽ ዝቅተኛ ሸለቆና በኩርሙክ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የሽንት ቢልሃርዝያ ነው። የትሉ ዕንቍላል በፊኛው ግድግዳ ለብዙ ዓመት ሲቀመጥ ቍስሉ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ይችላል። ትሉን ወደ ሰው የሚያሻግረው በውሃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላዩ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አስረዱ።

ነቀርሳው የሚያድገውም በአንድ ቀን አይደለም። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ከ9ኛው ክሮሞሶም ከፊሉ ይጐድላል። ኤፍ ጂ ኤፍ አር 3 የሚባለው ዘረ መል ሲበላሽ «እደግ» የሚለው ትእዛዝ አያርፍም፤ በፊኛው ውስጥ ቅርንጫፍ ያለው ዕጢ ይበቅላል። ይህ ዕጢ ተቈርጦ ቢወጣም መመለስ ይወዳል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጥልቅ አይገባም። ቲፒ 53 የሚባለው እንደ ዘበኛ ነው፤ የተበላሸውን ሕዋስ ያስቆመዋል፣ አለዚያም እንዲሞት ያዘዋል። አር ቢ 1 ደግሞ እንደ ልጓም ነው። ዘበኛውና ልጓሙ የጠፉ እንደ ሆነ ደዌው ይጨክናል፤ ሕዋሳትን እርስ በርሳቸው የሚያያይዘው ነገር ይላላል፤ እነርሱም ተነጣጥለው ወደ ፊኛው ጡንቻ ይዘልቃሉ፤ በደምና በሊምፍ መንገድም ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበትና ወደ አጥንት ይሄዳሉ።

እንግዲህ ዝምታ የሚጐዳው በዚህ ነው። ደዌው ከጡንቻው ሳይደርስ የተገኘ እንደ ሆነ ሐኪም በቀጭን መሣሪያ ዕጢውን ቈርጦ ያወጣል። ሕፃናት የሚከተቡት ቢሲጂም ከ1976 ዓ.ም. ወዲህ በፊኛው ውስጥ እየፈሰሰ የደዌውን መመለስ ለመከልከል ይረዳል። ጡንቻውን ያለፈ ከሆነ ግን ፊኛውን እስከ ማውጣት ወይም ወደ ጨረር ሕክምና ያደርሳል፤ ከዚያም አልፎ ከተሠራጨ ማዳኑ እጅግ ይከብዳል። በ2019 ዓ.ም. የኤፍ ጂ ኤፍ አር 3 ብልሽት ላለባቸው የሚሆን ኤርዳፊቲኒብ የሚባል መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ይህም የዘረ መል ምርመራ ለሕመምተኛው ጥቅም እንጂ ነውር እንዳይደለ ያስረዳል።

ስለዚህ የቤት እመቤቶችንና አባወራዎችን የምንመክረው ይህ ነው። ሽንት አንድ ጊዜ እንኳ፣ ያለ ሕመምም ቢሆን፣ ቢቀላ ወደ ሐኪም ይኬድ። ጠጠር ወይም ሌላ ቀላል ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንትም ይቀላል፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። ደሙ በራሱ ቢቆምም ደዌው ጠፋ ማለት አይደለም። በቀለም የሚሠራ ሰው እጁን በጓንት፣ አፍና አፍንጫውን በመሸፈኛ ይጠብቅ፤ ሳይታጠብም አይብላ። ትምባሆ የሚያጨስ ይተው። ለልጆቹ ስም የሚያስብ አባት ደዌውን በመሰወር አያከብራቸውም፤ በጊዜ ታክሞ በሕይወት ቢቈይላቸው ይበልጣል።